ሦስት ጥቁር ባርኔጣዎች፦ ስለ ቦብ ፎሲ ለአቃቂ ተወዛዋዦች የተደረገ ንግግር

በአቃቂ በአንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣ ሚያዝያ 21 የሚከበረውን የዓለም የውዝዋዜ ቀን ምክንያት በማድረግ ለማዕከሉ ተወዛዋዦችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። የማዕከሉ አስተባባሪዎች ስለ አንድ ኮሪዮግራፈር፣ ማለትም ስለ አንድ ውዝዋዜ አቀናባሪ፣ እንድናገር ሲጋብዙኝ ምርጫውን ለእኔ ተዉት። ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች የአገራችንን ሰው ጠብቃችሁ ይሆናል። የአገራችን ሰውም ይመጣል፤ በዚህ አገር ትከሻ ሳይነሣ የሚያልቅ የውዝዋዜ ወሬ የለም። የዛሬው ሰው ግን አሜሪካዊ ነው፤ ቦብ ፎሲ ይባላል። ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያው ትልቅ የመድረክ ሥራው ስለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች የደመወዝ ጥያቄ ነበር። ይህን ከአቃቂ የተሻለ የት ሊወራ ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ1954 በኒው ዮርክ፣ ብሮድዌይ በሚባለው የቲያትር ሠፈር፣ «ዘ ፓጃማ ጌም» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ተከፈተ። ሙዚቃዊ ተውኔት ስል ተዋናዩ ሲናገር ቆይቶ ነገሩ ሲጠናበት ወደ ዘፈን፣ ዘፈኑም አልበቃው ሲል ወደ ውዝዋዜ የሚሻገርበትን የመድረክ ሥራ ማለቴ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው የሌሊት ልብስ በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ በሰዓት የሰባት ሳንቲም ተኩል ጭማሪ ይጠይቃሉ፤ አሠሪው እምቢ ይላል። የሠራተኞቹን ቅሬታ የምታቀርበው ሴት ደግሞ ከአዲሱ የፋብሪካ ኃላፊ ጋር ፍቅር ይይዛታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጣጣ መገመት አያቅታችሁም። በሁለተኛው ክፍል የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ይጠራል፤ ለተሰብሳቢው መዝናኛ ይሆን ዘንድ ከሠራተኞቹ መካከል ሦስቱ ወጥተው ውዝዋዜ ያሳያሉ።

አባቶች፣ ይህ ምንም አላስታወሳችሁም? የኪነት ቡድን እኮ ነው! በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው፣ የስብሰባውን ድካም የሚያስረሳው፣ ስንቱን ድምፃዊና ተወዛዋዥ ያፈራው የኪነት ቡድን። ፎሲ ለአንድ የልብ ወለድ ፋብሪካ የኪነት ቡድን አንድ ጭፈራ አቀናበረ፤ ያ ጭፈራ ከተውኔቱ ራሱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በስሙ «ስቲም ሂት» ይባላል፤ ክረምቱ በሚበረታባቸው አገሮች ቤት ለማሞቅ በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን የእንፋሎት ሙቀት ማለት ነው።

አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ናቸው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ሴቷም እንደ ወንዶቹ። ሦስቱም አናቱ የተድቦለቦለ ጥቁር ባርኔጣ አድርገዋል። በአፋቸው የእንፋሎቱን «ሽሽሽ» እና የቧንቧውን ኳኳታ ያሰማሉ። ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎብጧል፤ ሦስቱም ተጠጋግተው እንደ አንድ ፍጡር ይንቀሳቀሳሉ። ባርኔጣው ይወረወራል፣ ይያዛል፣ እንደገና አናት ላይ ያርፋል። ሰፊ ዝላይ የለም፤ እግር ወደ ሰማይ አይወነጨፍም። ዳይሬክተሩ ጆርጅ አቦት ታሪኩን ያዘገየዋል ብሎ ሊያወጣው አስቦ እንደነበር፣ አብሮት ያዘጋጀው ጀሮም ሮቢንስ ተከራክሮ እንዲቆይ እንዳደረገው ይነገራል። ፎሲ ያኔ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን ቶኒ፣ ማለትም የብሮድዌይን ትልቅ ሽልማት፣ ወሰደበት፤ ሲሞት ዘጠኝ ነበሩት፤ ከእነዚህ ስምንቱ በኮሪዮግራፊ የተገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ተውኔቱ ፊልም ስለሆነ ውዝዋዜውን በስልካችሁ ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስታዩት ድምፁን አጥፍታችሁ አንድ ጊዜ እዩልኝ። ድምፅ በሌለበት እንኳ ምቱ ይሰማችኋል።

የልጅነት ታሪኩን ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1927 ቺካጎ ተወለደ። በልጅነቱ ውዝዋዜ ትምህርት ቤት ገባ፤ ገና ጢም ሳያበቅል ከአንድ ጓደኛው ጋር ጥንድ ሆኖ በየምሽት ቤቱ ይጨፍር ነበር። ከነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ ልጅ ሊገባባቸው የማይገቡ፣ ሴቶች ልብሳቸውን እየጣሉ የሚደንሱባቸው ነበሩ። ያየው ነገር ዕድሜውን ሙሉ ከሥራው አልወጣም፤ በሚያቀናብረው ጭፈራ ሁሉ ከፈገግታው ጀርባ አንድ የዛለ ፊት አለ። ከባሕር ኃይል አገልግሎት በኋላ እንደ ፍሬድ አስቴር የፊልም ዳንሰኛ ለመሆን ወደ ሆሊውድ ሄደ፤ አልሆነለትም። የሆነለት እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ኪስ ሚ ኬት» ፊልም ለራሱና ለካሮል ሄኒ እንዲያቀናብር የተሰጠው፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ ጭፈራ ነበር። ያቺ ቁራጭ ብሮድዌይ ላይ ሥራ አስገኘችለት። ወጣቶች፣ ዕድል ሲመጣ ሁልጊዜ በሰዓት ተለክቶ አይመጣም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ወደዚህ ያመጣኝ እርሱ ነውና።

የፎሲን ውዝዋዜ ለመረዳት ሰውነትን በየክፍሉ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጎጃምና የጎንደር እስክስታ ጉልበቱን ትከሻና ደረት ላይ ያደርጋል። የወላይታ ጭፈራ ወገብን ያናግራል። የጉራጌ በእግር ነው። እዚሁ በዙሪያችን ያለው የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ አንገትን ያዝዛል። የዚህ አዳራሽ ልጆች አንዱን የሰውነት ክፍል አንቀሳቅሶ ሌላውን ማሳረፍ ከእናታቸው ጀርባ ሳሉ የለመዱት ነገር ነው። የኒው ዮርክ ተማሪ ይህን ለመልመድ ዓመታት ይከፍላል።

ፎሲ ይህንኑ ይዞ አሳነሰው። አንድ ትከሻ ይነሣል፤ ሌላው እንዳልሰማ ይቆማል። የእጅ አንጓ ይታጠፋል፤ ክንዱ አይከተለውም። ጣቶች ጧ ይላሉ፤ ከዚያ ዝምታ። ባሌት ጉልበትን ወደ ውጭ ሲከፍት እርሱ ወደ ውስጥ ይከታል፤ ባሌት ደረትን ሲነፋ እርሱ ያጎብጣል። ሺህ ሰው በሚይዝ አዳራሽ፣ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች፣ የአንዲት ተወዛዋዥ ጣት ላይ ዓይኑን ይተክላል። እንዴት? ሌላው ሁሉ ስለቆመ ነዋ! የእኔ አድናቆት ዋናው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ኮሪዮግራፈር ሰውነትን ያቀናብራል፤ ፎሲ የተመልካቹን ዓይን ያቀናብር ነበር።

ከእስክስታ የሚለይበትንም ልንገራችሁ። እስክስታ ሰው ይፈልጋል፤ ፊት ለፊት ቆሞ የሚመልስ፣ የሚፎክር፣ እልል የሚል። ብቻውን እስክስታ የሚመታ ሰው አንድ ነገር ጎድሎበታል። የፎሲ ተወዛዋዥ ግን ማንንም አይጠራም። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ በጎን ያያል፤ «የፈለግህ እንደሆነ ተመልከት» የሚል ይመስላል። ለልቤ የሚቀርበኝ የእስክስታው ሙቀት ነው፤ አልደብቃችሁም። ለመድረክ አሠራር ግን ከዚያ ቅዝቃዜ የምንማረው ብዙ ነው።

አንድ ምሳሌ ላይ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1966 «ስዊት ቻሪቲ» ተከፈተ። በአንድ የዳንስ አዳራሽ እየተከፈላቸው ከእንግዳ ጋር የሚደንሱ ሴቶች ታሪክ አለበት። «ቢግ ስፔንደር» በሚባለው ዘፈን ሴቶቹ ከመድረኩ ፊት ወዳለው መደገፊያ መጥተው ይደረደራሉ። ከዚያ ምን ያደርጋሉ? ለረጅም ጊዜ ምንም! አንዷ ወገቧን ሰብራ፣ አንዷ ጉልበቷን አጥፋ፣ አንዷ ክንዷን ጥላ ቆማለች። ሙዚቃው በቀስታ ይረግጣል። አንድ ምት ላይ ሁሉም በአንድነት አንድ ነገር ያደርጉና እንደገና ይደርቃሉ። ግጥሙ ደንበኛውን ያባብላል፤ ሰውነታቸው ግን ሰልችቶታል። ዘፈኑ «ና» ይላል፤ ወገባቸው «መቼ ነው ቤቴ የምገባው» ይላል። የሴቶቹን ሕይወት በንግግር ቢያስረዱን ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ፎሲ አቋቋማቸውን አሳየንና ጨረሰ። ተወዛዋዦችን ወደ መድረክ አውጥቶ ለማስቆም ድፍረት ይጠይቃል፤ ፕሮዲዩሰሩ የከፈለው ለመደነስ ነውና።

እስቲ ወደ እኛ መድረክ ልመለስ፤ የማንንም ስም አልጠራም። በሠርጉም፣ በኮንሰርቱም፣ በክሊፑም የማየው አንድ በሽታ አለ። ዘፋኙ ከፊት፣ ስምንት ተወዛዋዥ ከኋላ፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ልብስ ይቀየራል፤ ውዝዋዜው ግን አይቀየርም። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ትንፋሻቸው ያስቀናል። ግን ሁሉም ሲንቀሳቀስ ማንን ልይ? እኔ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የዘፋኙን ጫማ ማየት እጀምራለሁ። ከስምንቱ ሰባቱ ቆመው አንዷ ብቻዋን ለአራት ምት ትከሻዋን ብትሰብቅ አዳራሹ በእልልታ በፈረሰ ነበር።

ስለ ባርኔጣውና ስለ ጓንቱ የሚወራው ወሬ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ፀጉሩ በወጣትነቱ ስለሳሳ ባርኔጣ፣ እጁን ስለማይወድ ጓንት፣ እግሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ያንኑ ስልት አደረገው ይባላል። እውነትነት አለው፤ ራሱም ያወራው ነበር። ነገር ግን ሲደጋገም ሥራውን ቀላል ያስመስለዋል። በዓለም ላይ ስንት ራሰ በራ አለ፤ ሁሉም ኮሪዮግራፈር አልሆነም! ባርኔጣው ፊትን ሸፍኖ ዓይናችንን ወደ ትከሻው ይመራል። ነጩ ጓንት በጨለማ ውስጥ እጅን ከሰውነት ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1972 የተከፈተው «ፒፒን» ሲጀምር መድረኩ ጨለማ ነው፤ መብራት የወደቀባቸው እጆች ብቻ በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የዚህ ተውኔት ሌላም ወሬ አለው። ፎሲ ከውዝዋዜው የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ቀርጾ በቴሌቪዥን አስተዋወቀው፤ የቀረውን ለማየት ወደ ቲያትር ቤት ኑ አለ። ሰው ጎረፈ፤ ተውኔቱ 1,944 ጊዜ ታየ። ቁራጭ ቪዲዮ እየለጠፋችሁ ለምትውሉ ልጆች ነው ይህን የምናገረው፤ ሁሉንም በነፃ አታሳዩ።

አሁን የአንዲት ሴት ስም ልጥራ፤ ግዌን ቨርደን። ፎሲ ሲደነቅ እርሷን መዝለል ግፍ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1955 «ዳም ያንኪስ» በተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ላይ ሲገናኙ እርሷ ቀድማ ኮከብ ነበረች። ከዚያ በፊት የጃክ ኮል ረዳት ሆና ሠርታለች። ጃክ ኮል የህንድን ባሕላዊ ውዝዋዜ አጥንቶ ከጃዝ ጋር ያዋሐደ ኮሪዮግራፈር ነው፤ ጃዙ ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። ስለዚህ ትከሻን ከአንገት፣ አንገትን ከዓይን ለይቶ ማዘዝ ከብሮድዌይ አልበቀለም፤ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ደረሰ። ግዌን ያንን ዕውቀት በሰውነቷ ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1960 ተጋቡ፤ በ1971 ተለያይተው መኖር ጀመሩ። ቢለያዩም በይፋ አልተፋቱም፤ ሥራቸውንም አልለያዩም። እ.ኤ.አ. በ1975 «ቺካጎ» የተባለው የፎሲ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲከፈት ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሮክሲን የተጫወተችው እርሷ ናት፤ የ50 ዓመት ሴት ነበረች። እዚህ 30 ሲሞላት «አረጀሁ» የምትል ተወዛዋዥ ካለች ይህን ትስማ።

«ቺካጎ» ያኔ ዕድለኛ አልነበረም። በዚያው ሰሞን የማይክል ቤኔት «ኤ ኮረስ ላይን» የተባለ ሌላ ሙዚቃዊ ተውኔት መጣና ሁሉን ዋጠ። በ1976ቱ የቶኒ ሽልማት «ቺካጎ» በ11 ዘርፍ ታጭቶ አንድም ሳያገኝ ቀረ። ፎሲ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ተውኔቱ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ። ውዝዋዜውን በእርሱ ስልት ያቀናበረችው አን ራይንኪንግ ናት፤ አብራው የሠራች ተወዛዋዥ። ይህ ዝግጅት ከ10,000 ጊዜ በላይ ታይቷል። ተውኔቱ መጽሐፍ ላይ ነበር፤ ዜማው በኖታ ነበር። ውዝዋዜው ግን በዋናነት የነበረው በሴቶችና በወንዶች ጉልበትና አንጓ ውስጥ ነው። እነርሱ ባያስታውሱት ኖሮ ከፎሲ ጋር በተቀበረ ነበር።

ይህን ሳስብ የብሔራዊ ቲያትር፣ የሀገር ፍቅርና የራስ ቲያትር ተወዛዋዦች ትዝ ይሉኛል። በካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይላል። ተወዛዋዡስ? ትከሻው ይታያል እንጂ ስሙ አይጻፍም። በየክፍለ ሀገሩ እየዞሩ ጭፈራውን ከገበሬው ተምረው ለመድረክ ያበቁት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ አርጅተዋል። ከእናንተ መካከል አያቷ ወይም አክስቷ የኪነት ተወዛዋዥ የነበረች ልጅ ካለች፣ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ስልኳን ትክፈትና አያቷን «እስቲ አንዴ አሳዪኝ» ትበላት። ጉልበቷ ባይችል እጇን ታሳያት፤ ቁጭ ብላም ቢሆን ምቱን ትንገራት።

ወላጆች የሚፈሩትንም ልናገር። ፎሲ እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ ዓመት ውስጥ በዳይሬክተርነት የፊልሙን ኦስካርም፣ የቲያትሩን ቶኒም፣ የቴሌቪዥኑን ኤሚም ወሰደ፤ ከእርሱ በቀር ይህን ያደረገ የለም። ኦስካሩን «ካባሬ» በተባለው ፊልሙ ሲወስድ ያሸነፈው የ«ጎድፋዘር»ን ዳይሬክተር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ልቡ ታመመ፤ ቀን «ቺካጎ»ን ያለማምዳል፣ ሌላ ፊልም ያርማል፣ ሲጋራ ከአፉ አይወርድም፣ ነቅቶ ለመሥራት አነቃቂ ክኒን ይውጣል። ልቡ በቀዶ ጥገና ታክሞ ተረፈ። ከዚያ ይህንኑ የራሱን ውድቀት «ኦል ዛት ጃዝ» ብሎ ፊልም አደረገው፤ ፊልሙም እ.ኤ.አ. በ1980 የካን ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ተጋራ። ድንቅ ፊልም ነው። ነገር ግን ልጆቼ፣ ክኒኑን ከተሰጥኦው ጋር አትደባልቁት። «ስቲም ሂት»ን የሠራው ክኒን አይደለም። ጫት ካልቃምኩ፣ ካልጠጣሁ መድረክ ላይ አይሞቀኝም የሚል ተወዛዋዥ በዚህም ከተማ አውቃለሁ፤ የሞቀው የመሰለው ለራሱ ነው፤ ለእኛ ለተቀመጥነው ምቱን እየሳተ ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1987 ዋሽንግተን ውስጥ «ስዊት ቻሪቲ» በአዲስ ዝግጅት ሊከፈት በተቃረበበት ምሽት መንገድ ላይ ወደቀ፤ አጠገቡ የነበረችው ግዌን ነበረች። የ60 ዓመት ሰው ነበር። በኑዛዜው ለ66 ወዳጆቹ በጠቅላላው 25,000 ዶላር ትቶ ነበር፤ በእኔ ስም ወጥታችሁ እራት ብሉበት ብሎ። የራሱን ተዝካር አስቀድሞ ከፍሎ እንደሄደ ሰው ነው። ይህን ሳነብ ስቄአለሁ፤ ሞቱንም እንደ ዝግጅት አቀናብሮታል።

ከንግግሩ በፊት አንድ ወጣት «ታዲያ እንደ ፎሲ እንጨፍር ነው የሚሉን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልልም። ጥቁር ሱፍና ባርኔጣ አድርጋችሁ ብትመጡ ከበር እመልሳችኋለሁ፤ ያ የእርሱ ሰውነት ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ለሚመጣው ቅዳሜ አንድ ሥራ ነው። በአራት በአራት ሆናችሁ የምታውቁትን አንድ ጭፈራ ምረጡ፤ እስክስታም ይሁን ረገዳ። ከጭፈራው ስምንት ምት ውሰዱ። በመጀመሪያው ዙር አራታችሁም እንደለመዳችሁት ተጫወቱት። በሁለተኛው ዙር ሦስታችሁ ቁሙ፤ እንደ ሐውልት ግን አይደለም፤ ድካማችሁ፣ ኩራታችሁ ወይም ቅናታችሁ ከአቋቋማችሁ ይታይ። አራተኛዋ አንድ የሰውነት ክፍሏን ብቻ ታንቀሳቅስ። ከበሮ መቺውም ከስምንቱ ምት ሁለቱን ይዝለል፤ የትኞቹን እንደሚዘልል አስቀድማችሁ ተስማሙ። የቀሩት ቡድኖች ተቀምጠው ያያሉ፤ ዓይናቸው የት እንደዋለ ይነግሯችኋል። ወላጆችም መጥታችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል፤ ከተወዛዋዥ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ውዝዋዜ የማያውቅ ተመልካች ነው። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከዚያ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፋ እናደርጋለን።